«ወንዱን ለቀቅ አድርጉት» ለሚለው ጽሑፍ፣ ነጥብ በነጥብ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ወንዶች የኤች አይ ቪ ምርመራና ስለ ኮንዶም ነው፤ መልእክቱም ሲጠቃለል «ወንዱን ለቀቅ አድርጉት» የሚል ነው። ብዙ ሰው የተቀባበለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው፤ ብዙ ወንዶች በሆዳቸው የያዙትንም ደፍረው ተናግረዋል።

ነጥቦቻቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ወንድ በተፈጥሮው ከሐኪም የሚሸሽ ስለሆነ እሱን መወትወት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ሚስቱ በእርግዝና ክትትል ተመርምራ ነጻ ከተባለች እሱም ነጻ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረግ የራስ ምርመራ አይታመንም፣ ሰውንም ለብቻው አስደንግጦ ይተወዋል። ኮንዶም ቫይረሱን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው፣ ይቀደዳል፣ ስሜትም ይገድላል። በትዳር ውስጥ ኮንዶም ማንሳት አለመተማመንን ማወጅ ነው። በመጨረሻም፣ መድኃኒት ስላለ የምርመራም የኮንዶምም ዘመን አልፏል።

በየተራ እሄድባቸዋለሁ። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ቦታም እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ወንድ በተፈጥሮው አይመረመርም»

ክፍተቱ መኖሩን አልክድም። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር በሆነው በዩኤንኤድስ መረጃ መሠረት በ2023 በዓለም ዙሪያ ቫይረሱ በደማቸው ካለ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቶች 83 በመቶው መድኃኒት ያገኙ ነበር፤ ከወንዶቹ ግን 72 በመቶው ብቻ። ጸሐፊው ይህን ልዩነት «ተፈጥሮ» ብለው ዘጉት። እስቲ የሚገባበትን በር እንቁጠር። ሴት ለእርግዝና ክትትል፣ ለወሊድ፣ ለልጅ ክትባት፣ ለወሊድ መከላከያ ወደ ጤና ተቋም ትሄዳለች፤ ምርመራውም በዚያው አጋጣሚ ይቀርብላታል። ጤነኛ የሆነ የ30 ዓመት ወንድ ግን ወደዚያ የሚያስገባው መደበኛ ጉዳይ የለውም። ከሥራው ቀርቶ፣ ለዚህ ለአንድ ነገር ብቻ ተነሥቶ መሄድ አለበት። ሲደርስም የተቀመጠበት ወንበር ለምን እንደመጣ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገርበታል።

ጉዳዩ የተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በሩ ሲቀየር ውጤቱ ባልተቀየረ ነበር። ተቀይሯል። በ2016 ውጤቱ የታተመ፣ ኬንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነፍሰ ጡሮችንና በቅርቡ የወለዱ ሴቶችን በቡድን መደበ። ለአንዱ ቡድን ባሎቻቸውን ወደ ጤና ተቋም የሚጠራ መጋበዣ፣ ለሌላው ሁለት የራስ ምርመራ ኪት (ቤት ውስጥ ራስን መመርመሪያ ዕቃ) ተሰጠ። በሦስት ወር ውስጥ መጋበዣ ከደረሳቸው ወንዶች 52 በመቶ ያህሉ፣ ኪት ከደረሳቸው ደግሞ 91 በመቶ ያህሉ ተመረመሩ። መረጃው የተሰበሰበው ከሴቶቹ አንደበት ስለሆነ ቁጥሩ ጥቂት ሊጋነን ይችላል ቢባል እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ወንዶቹ ያው ወንዶች ናቸው፤ የተለወጠው የተጠየቁበት መንገድ ነው።

ስለዚህ «ወንዶች ለምን አይመጡም?» የሚል የጤና ባለሙያ መጀመሪያ የራሱን የሥራ ሰዓት ይመልከት። ከሥራ መውጫ በኋላና ቅዳሜ የሚከፈት አገልግሎት፤ የደም ግፊትና ስኳር ከሚለካበት ጋር አንድ የሆነ ሰልፍ፤ በር ላይ «ኤች አይ ቪ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ክፍል፤ በአንድ ጉብኝት፣ በ30 ደቂቃ አካባቢ የሚሰጥ ውጤት። እነዚህ ከአንድ ዓመት ፖስተር የበለጠ ወንድ ያመጣሉ።

ፍርሃትም አለ፣ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ግን ብዙ ጊዜ የሚፈራው የድሮውን በሽታ ነው። በ2015 ይፋ የሆነው ስታርት የተባለው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው የሰውነት መከላከያ አቅም እስኪወርድ ሳይጠበቅ ወዲያው መድኃኒት መጀመር ለከባድ ሕመም ወይም ለሞት የመጋለጥን ዕድል በ57 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት ይጀምር አለ። ዛሬ የተለመደው ሕክምና በቀን አንድ ክኒን ነው። ይህን ያልሰማ ወንድ መሸሹ አይገርምም፤ ያልነገርነው እኛ ነን።

«የሚስቴ ውጤት የእኔም ነው»

ከስድስቱ አደገኛው ይሄ ነው፤ ምክንያታዊ ይመስላልና።

ቫይረሱ በአንድ ግንኙነት የግድ አይተላለፍም። መድኃኒት ካልጀመረ ወንድ ወደ ሴት፣ በብልት ግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ በአማካይ ከ10,000 ግንኙነት 8 ያህል ተብሎ ይገመታል። በዚህ ሒሳብ 100 ጊዜ ያለ ኮንዶም ከተገናኙ በኋላ እንኳ ሴቲቱ አለመያዟ ከ100 ወደ 92 የሚሆን ዕድል አለው። እንግዲህ እሷ ነጻ ሆና እሱ ቫይረሱ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው፤ ለዓመታትም እንዲሁ ሊዘልቅ ይችላል። የተገላቢጦሹም ያው ነው፤ እሷ ላይ ተገኘ ማለት እሱም አለበት ማለት አይደለም።

አማካይ ቁጥሩ ግን ማንንም አያዘናጋ። ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ስለሆነ የማስተላለፍ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ብልት ላይ ቁስል ካለም እንዲሁ። ባል ሚስቱ ካረገዘች በኋላ ተይዞ ከሆነ፣ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ የተሰጣት «ነጻ» የሚል ውጤት ለልጁ ዋስትና አይሆንም። እናት በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት አዲስ ከተያዘች ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ የማለፉ ስጋት ከፍ ይላል። ባል መመርመር ያለበት በተለይ በዚህ ጊዜ ነው። የሚሻለው መንገድ አብሮ መመርመር ነው፤ ሁለቱም ውጤቱን አብረው ለመስማት አስቀድመው ከተስማሙ ባለሙያው አንድ ላይ ይነግራቸዋል።

«ተገርዣለሁ» የሚለውንም ጸሐፊው በጨረፍታ ነካ አድርገውታል። ግርዛት ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በአፍሪካ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች አሳይተዋል። የቀረው 40 በመቶ ግን አለ፤ ሴቷንም በቀጥታ አይጠብቃትም።

«የራስ ምርመራ አይታመንም»

ግማሹን እቀበላለሁ። በቤት ውስጥ ኪት «ሁለት መስመር» ያየ ሰው ኤች አይ ቪ አለበት አይባልም፤ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የራስ ምርመራን በ2016 ሲደግፍም ያለው ይህንኑ ነው። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ አንድን ሰው «ፖዘቲቭ» ለማለት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች ተመሳሳይ ውጤት መስጠት አለባቸው ይላል። ስለዚህ ኪቱ የሚለየው ማን ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት ነው። በዚህ ሥራው ደግሞ፣ በትክክል ከተጠቀሙበት፣ ይታመናል።

ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው አጠቃቀሙ ነው። በአፍ ፈሳሽ የሚሠራውን እንውሰድ። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 15 ደቂቃ መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክ አይቻልም፤ ጥርስ ከተቦረሸ ደግሞ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጠፍጣፋውን ጫፍ የላይኛውን ድድ አንድ ጊዜ፣ የታችኛውን አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ማስኬድ፤ ምላስና ጉንጭ ላይ አይደለም። ከዚያ ፈሳሹ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ በወረቀቱ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ማንበብ ነው፤ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የሚነበበው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ማታ ሠርቶ ጠዋት የሚያነብ ሰው የተሳሳተ መስመር ሊያይ ይችላል። «ሲ» የሚለው ጎን መስመር ከሌለ ኪቱ አልሠራም፤ በሌላ ይደገማል። «ቲ» ጎን የምትታይ መስመር ምንም ያህል ብትደበዝዝ እንደ መስመር ትቆጠራለች። «በጣም ስለደበዘዘች ተውኳት» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ኪቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት አይቀመጥም፤ መኪና ውስጥ የከረመ ኪት ይጣላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ኪቱ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው፤ ያ እስኪመረት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ባለሙያዎች «ዊንዶ ፔሬድ» ይሉታል። ለፈጣኑ የአንቲቦዲ ምርመራ እስከ 90 ቀን፣ ከደም ሥር በተቀዳ ደም ለሚሠራው የላቦራቶሪ አንቲጅንና አንቲቦዲ ምርመራ (አንቲጅን የራሱ የቫይረሱ አካል ነው) እስከ 45 ቀን ይታሰባል። ባለፈው ሳምንት ያለ ኮንዶም ተገናኝቶ ዛሬ በኪት «ነጻ ነኝ» ያለ ሰው ያወቀው ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ሁኔታ ብቻ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ኪቱን መጠቀም የለበትም፤ ውጤቱ በሐሰት «ነጻ» ሊል ይችላል።

ለብቻው ይደነግጣል ላሉትም ተግባራዊ መልስ አለ። ቀን፣ ጤና ተቋም በሚከፈትበት ዕለት፣ አልኮል ሳይጠጡ፣ የሚደውሉለትን ሰው አስቀድመው አስበው ማድረግ። አርብ ማታ አይሆንም፤ ሁለት ሌሊት በጥርጣሬ ማደር ነው። አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ሳያነሱት አልፈዋል፦ ኪት ባልን ወይም ሚስትን ለማስገደድ ሲውል ጠብ ያመጣል። የማይፈልግን ሰው ማንም ሊያስመረምረው አይገባም። ሴቷ ዱላ የምትፈራ ከሆነ ኪት ይዛ እንድትሄድ መላክ ስሕተት ነው።

«ኮንዶም ያሳልፋል፣ ይቀደዳል፣ ስሜት ይገድላል»

ሦስት የተለያዩ ክሶች ናቸው፤ መልሳቸውም ይለያያል።

ያሳልፋል የሚለው ስለ ላቴክስ (ከጎማ ስለሚሠራው) ኮንዶም ውሸት ነው። ቫይረሱ 0.1 ማይክሮን ያህል ነው፤ የውኃ ሞለኪውል ከሱ በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳል። ከየምርቱ የሚወሰዱ ናሙናዎች 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ተሞልተው ያፈሱ እንደሆነ ይፈተሻሉ፤ በአየር ሲነፉም የተለመደው 53 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቢያንስ 18 ሊትር አየር ሳይፈነዳ መያዝ አለበት። ፋብሪካው ደግሞ እያንዳንዱን በኤሌክትሪክ ይፈትሻል። ጸሐፊው የሚሉት ነገር የሚሠራው ከእንስሳ አንጀት ለሚሠራው ኮንዶም ነው፤ እሱ እውነትም ቫይረስ ያሳልፋል።

ይቀደዳል የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ምክንያቱ የሚታወቅና የሚቀር ነው። ዋናው ጥፋተኛ ቅባት ነው። ቫዝሊን፣ የሰውነት ሎሽን፣ የሕፃናት ዘይት፣ የምግብ ዘይት ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያደክሙታል፤ ለዓይን ግን ምንም አይታይም። በውኃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ማለስለሻ ብቻ ነው የሚስማማው። ሁለተኛው ድርቀት ነው፤ ሦስተኛው ጫፉ ላይ የቀረ አየር። ሁለት ኮንዶም መደረብም ጥንካሬ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል፤ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይቀደዳሉ እንጂ። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ወር የከረመ፣ ቀኑ ያለፈ ወይም ሲጫኑት አየር የሌለው እሽግም ይጣል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። እሽጉ በጥርስ ወይም በመቀስ ሳይሆን በጣት፣ ከተሰነጠቀው ጠርዝ ይከፈታል። ብልት ከቆመ በኋላ፣ ከማንኛውም ንክኪ በፊት፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ከረጢት በሁለት ጣት ጨምቆ አየሯን ማስወጣት፤ ጥቅሉ ወደ ውጭ መሆኑን አይቶ እስከ ሥሩ መዘርጋት። አልዘረጋ ካለ የተገለበጠ ነው፤ ገልብጦ መጠቀም ሳይሆን መጣል፣ ጫፉ አንዴ ብልትን ነክቷልና። ከጨረሱ በኋላ ብልት ሳይላላ ሥሩን ይዞ መውጣት። ብዙ ሰው «ሾልኮ ቀረ» የሚለው እዚህች ላይ ሲዘገይ ነው።

ጥናቶች ተገምግመው ሁልጊዜ ኮንዶም የሚጠቀሙ ጥንዶች መያዛቸው ከማይጠቀሙት በ80 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጸሐፊው «20 በመቶው ያሳልፋል ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም። ቁጥሩ «ሁልጊዜ» ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱትን ስሕተት፣ ዘግይቶ መልበስንም፣ ይዟል።

ስሜት የሚለውን አላጣጥልም። ልዩነት አለ፤ የለም የሚል ምክር ወንዱን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያጣዋል። ግን ብዙ ወንድ ኮንዶምን የሚጠላው በማይሆነው መጠን ስለለበሰው ነው። እሽጉ ላይ የተጻፈው 49፣ 53 ወይም 56 ሚሊ ሜትር ተዘርግቶ ሲተኛ ያለው ስፋቱ ነው። በቆመ ብልት መሐል ላይ ክር አዙሮ ዙሪያውን መለካት ነው። እንደ ግርድፍ መነሻ፣ ከ11 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ 49፣ ከ11 እስከ 12 ለሆነ 53፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 56 ይሞከር። የጠበበው ይጨብጣል፣ ደም ያግዳል፣ ይቀደዳል፤ የሰፋው ይሾልካል። ከመልበስ በፊት አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ማለስለሻ ከረጢቷ ውስጥ ማድረግ የስሜቱን ነገር በጣም ይለውጠዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ያንሸራትታል። ላቴክስ የሚያሳክከው ሰው ፖሊዩሪቴን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ኮንዶም አለለት።

«ስለብሰው ይላላብኛል» የሚለው ደግሞ በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር፣ ብዙዎች ግን የሚያውቁት ነገር ነው። ጨለማ ውስጥ እሽግ ሲታገሉ የሚጠፋ ስሜት ነው። ብቻን ሆኖ፣ ሳይቸኩሉ፣ አሥር ያህል ጊዜ መለማመድ፤ በጊዜውም እሽጉን ከፈት አድርጎ አጠገብ ማስቀመጥ። ይህን ማን ለወንዶች ያስተምራል? «ኮንዶም ተጠቀሙ» ብለን እንለጥፋለን፤ እንዴት እንደሚለበስ ያሳየ ስንት አለ?

«በትዳር ኮንዶም አለመተማመን ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ስሜት ትክክል ናቸው፤ ቃሉ ከየትም ሳይታሰብ ሲነሳ ያቆስላል። ግን ኮንዶም የእርግዝና መከላከያም ነው። በትክክልና ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት በዓመት ከ100 ሴቶች 2 ያህሉ፣ በተለመደው አጠቃቀም 13 ያህሉ ያረግዛሉ። ብዙ ባለትዳሮች ጉዳዩን የሚጀምሩት ከዚህ በኩል ነው። አዲስ ለሚጋቡት ደግሞ ክርክር የማያስነሳ ሥርዓት አለ፦ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ለ90 ቀን ኮንዶም ይጠቀሙ፤ እንደገና ይመርመሩ፤ ከዚያ ይወስኑ። ወሬው በአልጋ ላይ ሳይሆን ቀን፣ ልብስ ተለብሶ ይነሳ።

«መድኃኒቱ ሁሉንም ተክቶታል»

የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ይህ ነው። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት ቫይረሱ ያለበት ወገን ቶሎ መድኃኒት ሲጀምር ወደ ትዳር አጋሩ መተላለፉ በ96 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በ2016ና በ2019 የታተሙት የፓርትነር ጥናቶች አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ተከታትለው ያለ ኮንዶም ከተደረጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶች ውስጥ ከታከመው ወገን ወደ ሌላው አንድም መተላለፍ አላገኙም። ይህ በየቦታው መነገር ያለበት እውነት ነው።

ታዲያ ወንዱ ቫይረሱ እንዳለበት ሳያውቅ እንዴት ይታከማል? የጸሐፊው ስድስተኛ ነጥብ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ቫይረሱ እንዳይታይ እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ እዚያ መድረሱ የሚታወቀውም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን በሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው፤ እስከዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል። ቫይረሱ ለሌለበት ሰው አስቀድሞ እንዳይያዝ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ፕሬፕም ቢሆን ያለ ምርመራ አይጀመርም፤ ክኒኑ ሲወሰድ በየሦስት ወሩ ይደገማል። በ2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋው የመከላከያ መርፌ ሌናካፓቪርም በምርመራ ነው የሚጀምረው። ሁሉም ደግሞ ቂጥኝን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን አይከላከሉም፤ ኮንዶም ይቀንሳቸዋል።

ኮንዶም ለተቀደደበት ሰው ቫይረሱ እንዳይይዘው የሚሰጠው መድኃኒት፣ ፔፕም እንዲሁ ያለ ምርመራ አይሆንም። በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመራል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ደም ይመረምራል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደግማል፤ በ12ኛው ሳምንት ሦስተኛው ይሆናል።